መጀመሪያ ሰላምታ

ክቡራትና ክቡራን ልል ነበር፤ የጤና ጣቢያችን አስተዳዳሪ ጓድ ካሳሁን ገርመም ስላደረጉኝ፣ የተከበራችሁ ጓዶች! ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ፣ በተለይም በበጉ ላይ ለተረባረባችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ጡረታ የሚወጣ ሰው ስለ ራሱ ያወራል። እኔ ግን ስለ ጤና ረዳታችን ስለ ዘነበች ላውራ። ነገ እሷም ነርስነት ልትማር ጎንደር ትሄዳለች። እንዴት እንዳለፈች ሁላችሁ ታውቃላችሁ?

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ መግቢያ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ፈታኙ በሽተኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ተፈታኟ ትመረምረዋለች። አምና ዘነበች ገባችና በእንግሊዝኛ ጀመረች፦ «እንዴት አደሩ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ? ገብሱስ እንዴት ይዟል?» ገብሱ ላይ ስትደርስ ሰዓቱ አለቀ! የት እንደሚያመው ሳትጠይቀው ወደቀች።

ዘንድሮ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። ሁላችንም «ሰላምታውን ተይው» አልናት። እኔም በሽተኛ ሆኜ ላለማምዳት አልጋ ላይ ወጣሁ። መጣችና ቀጥ ብላ «የት ያምዎታል?» አለችኝ። ሳላስበው አኩርፌ ወደ ግድግዳው ዞርኩ!

«አዩ አይደል ጋሼ ሙላቴ? የኛ የፋርጣ ሰው ሰላም ካላሉት ሕመሙን አይናገርም» አለችኝ።

ታዲያ ምን አደረገች? እጄን ያዘች። የልብ ትርታዬን እየቆጠረች ስለ ልጆቼ፣ ዓይኔን እየገለጠች ስለ ከብቶቼ፣ ሆዴን እየዳሰሰች ስለ ገብሴ ጠየቀችኝ። ሰላምታው ሲያልቅ ምርመራውም አለቀ። ክረምቱን እንዲህ ተለማመድን። የኔ እንግሊዝኛ ከ«የስ» እና ከ«ኖ» አያልፍም፤ ለበሽተኛ ግን በቂ ነው።

በፈተናውም እንዲሁ አደረገች፤ ፈታኙም «ይህን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘሽው?» ብሏት ነበር አሉ።

«ከበሽተኞቼ» ብላው ፈተናውን አለፈች።

ኮርቼባታለሁ፤ ምን እደብቃለሁ? ትንሽ ፊደል ሲቆጥር ሰላምታ የሚነሳን ስንቱ ነው! እሷ እንግሊዝኛውን ጨመረች እንጂ የኛን አልጣለችም።

በሉ እንግዲህ፣ እጃችሁ የነካው ይዳን። መድኃኒት አይጥፋባችሁ። በየግንባሩ ያሉት ልጆቻችሁ በሰላም ይመለሱላችሁ።

ዘነበች ልጄ፣ አንቺም ነርስ ሆነሽ ስትመለሺ ምናልባት እዚያው አልጋ ላይ የምሬን ተኝቼ ታገኚኝ ይሆናል። አደራሽን፣ መጀመሪያ እንዴት አደሩ በዪኝ።