የወንዝ አፍ ጠርሙሶችና የእኔ ጥርስ

በዚህ በጋሽ ሆርዶፋ የጡረታ ራት ላይ፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ላስቀድም፤ ኋላ ጉልበት ያንሰኛል። በአፌ ውስጥ ሜርኩሪ ባለበት ሙሌት የተደፈኑ ሦስት ጥርሶች አሉ። የላቦራቶሪ ባልደረቦቼ፣ ሹካችሁን አስቀመጣችሁ። እንግዶች ታገሡኝ፣ ለምን እንደ ደነገጡ ትሰማላችሁ።

ጋሽ ሆርዶፋ ፍሪድሊ ከተማ ወዳለው ላቦራቶሪያችን የመጡት በጥር ነው፤ ከላይ ኮትና ከረባት፣ ከታች የበረዶ ቡትስ። እኔ ጠርሙስ አጥባለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ ጥርስሽን አስሞልተሽ ታውቂያለሽ?»

በቅሎ ሊገዙ የመጡ መሰለኝ። «ኧረ በፍጹም!» አልኩ። ባሌ ካረፈ ሰባት ወሩ ነበር፤ ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈራሁ።

ሥራችን እንዲህ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ወንዞች ከባሕር ከሚገናኙበት ቦታ ውኃና ዓሣ በበረዶ ታሽጎ ይመጣልናል፤ እኛ ሜርኩሪ እንፈልግበታለን። ከላይ ወርቅ ቆፋሪው ወርቁን በሜርኩሪ ይለያል፣ ጎርፍ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ውኃው በሞቀ ቁጥር ጭቃ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ወደ ባሰ መርዝ ይለውጡታል። ዓሣው ይበላዋል፣ ሰው ዓሣውን ይበላል። የምንለካው መጠን በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ጥርሱን ያስሞላ ሰው ትንፋሽ ያበላሸዋል።

ስለዚህ ሁለት ሰው ይሠራል። «ቆሻሻ እጅ» የውጭውን ከረጢት ይይዛል፣ «ንጹሕ እጅ» ጠርሙሱን ብቻ ይነካል። የሙያው ወግ ነውና አልቃወምም። ግን ጋሽ ሆርዶፋ መኪና ማቆሚያ ላይ ባልደረባችንን «ኤዶሳ፣ በሩን ክፈትልኝ፤ ዛሬ ንጹሕ እጅ ነኝ» ማለታቸው የየት አገር ወግ ነው? ኤዶሳ ሁለት ክረምት ሙሉ የሚኒስትር ሾፌር ሆኖ አገለገለ።

የማሚት ልጅ ክርስትና ላይስ? የቱና ዓሣ ሳምቡሳ ቀረበ። ጋሽ ሆርዶፋ ተነሡ።

«ትንሹ ዓሣ ጭቃውን ይበላል፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል፤ ማሚት፣ አንቺ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልለሽ ጠበስሽው!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ካልበሉ ለሌላው ይተዉለት!» አለች አራሷ። ማን ይሰማታል? እንግዳው ሁሉ ወደ ምስሩ ዞሯል።

ባለቤታቸውን ሶሬቲን ደግሞ ጠይቋት። እሳቸው ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው «ዘንድሮ ጎርፉ በዛ፣ ጭቃው ሊታመስ ነው» ሲሉ፣ እሷ በመስኮት እያየች፣ «ሰውዬ፣ የሰው አገር ወንዝ ሞቀ አልሞቀ ትላለህ፤ የእኔ መኪና እኮ ከበረዶ ሥር ናት!» ትላለች።

አሁን ሳቁን ገታ አድርጉልኝ።

በፈረንጆቹ 2006፣ ከአንድ ከባድ ጎርፍ በኋላ አርባ ጠርሙስ መጣ። ከዚያ ወንዝ አፍ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ዝናቡ እንዲህ ከበረታ ወዲህ ዓሣውን ለልጆቻችን እንስጥ ወይስ እንተው? የዚያን ቀን ቆሻሻ እጅ እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛ የተማርኩት የጠርሙስ ጽሑፍ ጮክ ብዬ በማንበብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጋሽ ሆርዶፋ ክዳኖቹን ከፍተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው መሣሪያውን ያስተካክላሉ። ማስኩ አፈነኝና ዝቅ አደረግሁት። የቦታውን ስም፣ ቀኑን፣ የዝናቡን ልክ፣ በተከፈቱት ጠርሙሶች ላይ ጎንበስ ብዬ አርባውንም አነበብኩ።

ምንም ሊገኝበት የማይገባው የመፈተሻ ንጹሕ ውኃ እንኳ ሜርኩሪ አለበት ተባለ። አርባውም ተጣለ።

«ማነው ያበላሸው?» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

«ክፍሉ የእኔ ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ሆርዶፋ።

ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ክፍል አላስገቧቸውም። ይህን ሁሉ ትምህርት ይዘው ሦስት ዓመት ጓንት አደሉ። «የጓንት ሚኒስትር» ብለን ሳቅንባቸው፤ እኔም ሳቅሁ፤ ምናልባት ከሁላችሁ ይልቅ የእኔ ሳቅ ይጮህ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ የሚቀጥለው ዝናብ እስኪመጣ፣ ያንኑ ዓሣ እየበሉ መልስ ጠበቁ።

ጋሽ ሆርዶፋ፣ እርስዎ በዚያው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ መዝገበ ቃላት አስቀምጠው፣ «እህቴ፣ ከእንግዲህ ድምፅ ሳታወጪ አንብቢ» ብለውኝ ሄዱ። ማወቅዎን ያን ጊዜ አወቅሁ። ጥርሴን ዳግም አልጠየቁኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍት ጠርሙስ አጠገብ እንዳልቆም፣ አንድ ቀን «እጥበት በዝቷል»፣ አንድ ቀን «መለያ የሚጽፍ የለም» እያሉ ሰበብ ፈጠሩልኝ። እንጀራዬን ጠበቁልኝ፤ ስምዎን ግን የሚጠብቅልዎ አልነበረም። አመሰግንዎታለሁ። ዝምታዎን ግን ከዛሬ በኋላ አልጋራዎትም።

በሉ ብርጭቆ አንሡ! ለጋሽ ሆርዶፋ ረጅም ዕድሜ፣ የማይከዳ ጉልበት፣ በየበጋውም ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከተማ ውስጥ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የሚዘረጋ ወንበር። ለጤናዎ!

ይህን ንግግር የጻፍኩባቸውን እነዚህን ወረቀቶች አሁኑኑ የምሰጠው ለዳራርቱ ነው፤ የላቦራቶሪው ጥራት ተቆጣጣሪ እሷ ናትና። ዳራርቱ፣ የ2006ቱ ፋይል ውስጥ «የሆርዶፋ ስህተት» ከሚለው ገጽ ጋር አያይዢያቸው፤ ስሜን፣ ምንዳዬ ብዬ፣ ከታች ፈርሜያለሁ። ሰኞ ከሥራ ቢያሰናብቱኝም አላዝንም። ሁለተኛውን ቅጂ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ እሱን ለዚያ ወንዝ አፍ ዓሣ አጥማጆች ላኪላቸው።