ለደምሰው ተዝካር የተጋገረው የአጃ ዳቦ

በ1980 ዓ.ም. የጥቅምት ዝናብ ጂንካ ላይ በበረታበት ሰሞን፣ እኔ በከተማው የሳይንስ መምህር ነበርሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳ አቋርጬ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ በገዘር መንገድ ጭቃ እስከ ጉልበቷ የተለወሰች አንዲት ወጣት አገኘሁ። ኤልሳቤጥ ኤርጎ ነበረች። ቀድሞ አስተምሬያታለሁ፤ ኋላም አዋሳ ሄዳ የቤት አያያዝና የምግብ አዘገጃጀት ተምራ፣ ገዘር ላይ የገበሬ ሚስቶችን ታስተምር ነበር።

«በዚህ ጭቃ ወዴት ነው?» አልኋት።

«ወደ እማማ ብዙወርቅ ቤት ነው፣ መምህር። የደምሰው ተዝካር እሑድ ነው ሲሉ ሰማሁ። ላግዝ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ አሁን ግን ብቻዬን መግባት ፈራሁ። እባክዎ አብረን እንግባ።»

ለምን እንደ ፈራች አውቅ ነበር። ደምሰው የወይዘሮ ብዙወርቅ አንድ ልጃቸው ነው። ኤልሳቤጥን ላግባ ቢላቸው፣ «የአሪ ልጅ ናት፤ ሃይማኖቷም ከእኛ አይገጥምም» ብለው እምቢ አሉት። እሱም ብዙ ሳይቆይ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። ከሰሜን ጦር ግንባር ተመልሶ የመጣው መርዶው ብቻ ነው።

ስንገባ ወይዘሮ ብዙወርቅ ለሁለት የተቆረሰ ድፎ ዳቦ ፊታቸው አስቀምጠው ትኩር ብለው ያዩታል። ዳቦው ከላይ አሯል፤ ከውስጡ ሊጥ ነው፤ በሊጡ መሐል ደግሞ ያልበሰለ የአጃ ፍንካች ጠጠር መስሎ ይታያል። ኤልሳቤጥን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ቢሆንም ለቅሶ ቤት ነውና ተቀመጪ አሏት።

«አዩት፣ መምህር?» አሉኝ ዳቦውን እያሳዩኝ። «የተበላሸብኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ጂንካ ውስጥ እንደኔ ዳቦ የሚጋግር አልነበረም። እጄ ከልጄ ጋር ሞተ። እግዜር ለልጅሽ ዳቦ አትጋግሪም ብሎኛል። ተዝካሩ ያለ ዳቦ ይሁን።»

ኤልሳቤጥ ዳቦውን አንስታ በጣቷ ፈተተችው። ከዚያም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እማማ፣ አጃው ከየት የመጣ ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ከገበያ ነዋ! የስንዴ መኪና ወይጦ ወንዝ ሞልቶበት ቀርቷል። ያለችኝን ጥቂት ዱቄት በአጃ ላበርክት ብዬ ነው። ደምሰው የሚወደውም የአጃውን ዳቦ ነበር።»

«ለእሱ ይጋግሩለት የነበረው ግን በዚህ አጃ ነበር?»

«ያ እህቴ ከአዲስ አበባ በከረጢት የምትልክልኝ፣ እንደ ቅጠል የተዳመጠው ነበር። ይህ በወፍጮ የተከካ የገዘር ቅንጬ ነው። አጃ አጃ ነው፤ ምን ልዩነት አለው? ሁለት ጣሳ ስንዴ፣ አንድ ጣሳ አጃ። ስፍሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው እጄ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ፤ ስፍሩ ነው የተለወጠው። የተዳመጠው አጃ ስስና ዝርግ ስለሆነ በጣሳው ውስጥ በመሐሉ ብዙ ባዶ ቦታ ይተዋል። ቅንጬው ግን ድፍን ስለሆነ ተጠጋግቶ ይሞላል። በዓይን አንድ ጣሳ ነው፤ በክብደት ግን ሊጡን የሚጫነው እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ተቆጡ። «እኔ ከእናቴ የተማርሁት በእጄ ነው! አሁን ደግሞ የሙት ዳቦ እንደ ቡና ገበያ በሚዛን ይመዘን ትያለሽ? ነውር አይደለም?»

እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ። «ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ለሕመምተኛ መድኃኒት ተለክቶ ሲሰጥ ነውር ነው አንልም። ለሚወዱት ሰው የሚሠራ ነገር በጥንቃቄ ቢለካ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።»

«እሺ፣ ያልሽውን አሳዪኛ!» አሏት ወደ እሷ ዞረው።

ኤልሳቤጥ ሚዛን አልነበራትም። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ወስዳ ወገቡን በገመድ አሰረችና ከማገሩ ላይ አንጠለጠለችው። በሁለቱ ጫፍ እኩል የሆኑ ጣሳዎች ሰቀለች። በአንደኛው ከከረጢቱ ቂጥ የተረፈውን የተዳመጠ አጃ፣ በሌላው ቅንጬውን እስከ አፉ ሞላች። እጇን ስትለቅ የቅንጬው ጣሳ ዱብ ብሎ ወረደ፤ ሌላው ሽቅብ ተሰቀለ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ቆመው አዩት። ኤልሳቤጥ እንጨቱ እስኪስተካከል ድረስ ቅንጬውን በማንኪያ እየቀነሰች አወጣች። በጣሳው ውስጥ የቀረው ከግማሹ እምብዛም አይበልጥም ነበር። የደረሰበትንም ቦታ በምስማር ጭራ ምልክት አደረገችበት።

«ለቅንጬ ልክዎ ይህ ነው» አለች። «እሱም በፈላ ውሃ ርሶ፣ ልስልስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው ሊጥ ውስጥ የሚገባው፤ አለዚያ የሊጡን ውሃ ይጠጣና ራሱም ሳይበስል ይቀራል። የአጃ ዱቄት ሲሆን ደግሞ ሌላ ምልክት ይፈልጋል። ዱቄትን በጣሳ እየጠቀጠቁ መስፈር አይበጅም፤ በማንኪያ አፍስሰው አፉን በቢላዋ ማስተካከል ነው።»

«እግዜር አይደለም እንግዲህ?» አሉ አሮጊቷ። «እኔ እኮ ቅጣት ነው ብዬ ነበር። አንቺን በመከልከሌ…»

ኤልሳቤጥ እንባዋ ወረደ፤ ግን መልሷ ቀና ነበር። «ዳቦው የሚያውቀው ዱቄትና ውሃ ነው፣ እማማ። እኛን አያውቀንም።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ምልክት የተደረገበትን ጣሳ በእጃቸው ዳበሱና፣ «ምነው ቅጣት በሆነ» አሉ። «ቅጣት ቢሆን ንስሐ ገብቼ፣ ተንበርክኬ፣ አንድ ነገር ይመለስልኝ ይሆናል እል ነበር። አሁን ልጄ ሞቷል፤ ሌላ ምንም የለም።»

እውቀት ከሐሰተኛ ፍርሃት ያወጣል፤ ከእውነተኛው ሐዘን ግን ማንንም እንደማያወጣ ያን ዕለት ተማርሁ።

ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች ቅንጬውን አርሰው፣ ዱቄቱን ሰፍረው፣ ሊጡን በኮባ ጠቅልለው ጋገሩ። እሑድ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ሲቆረስ ውስጡ እንደ ንብ ቀፎ የተነፋ ነበር። ወይዘሮ ብዙወርቅ የመጀመሪያውን ቁራሽ ይዘው በእንግዶቹ መሐል አልፈው፣ ጓዳ በር ላይ ለቆመችው ለኤልሳቤጥ ሰጧት። «ብዪ፣ ልጄ» አሏት። ልጄ ሲሏት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ኤልሳቤጥ ቁራሹን በሁለት እጇ ተቀብላ ማልቀስ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ስንዴ ሲጠፋ ሴቶቹ ጣሳቸውን ይዘው ወደ ወይዘሮ ብዙወርቅ ይመጡ ጀመር። እሳቸውም ለቅንጬ፣ ለዱቄት፣ ለተዳመጠው ለየብቻ ምልክት ያደርጉላቸዋል። እህል በከንቱ መጣሉ ቀረ፤ ማገዶ ተረፈ፤ ልጆችም ከሆድ ቁርጠት ዳኑ። ዳቦ ሲበላሽ ጎረቤትን በቡዳነት መጠርጠርም እየቀነሰ ሄደ።

በዓመቱ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አለምነሽ ምክር ፈልጋ መጣች፤ እኔም በቦታው ነበርሁ። ሴት ልጇ ከገዘር የመጣ የአሪ ተወላጅ፣ ፕሮቴስታንት የሆነ ወጣት ወዳለች። «ምን ይሻለኛል፣ እትዬ? ሰው ምን ይለኛል?» አለች።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«ሰው ምን እንዳለኝ አሁን አላስታውሰውም» አሏት። «ልጄ እሺ በይኝ ሲለኝ የነበረው ፊቱ ግን ከዓይኔ አይጠፋም። አለምነሽ፣ ሂጂና ዛሬውኑ መርቂያት። ልጅ የሚመረቀው በሕይወት ሳለ ነው።»