ሲብሃ የመሰለው መቁጠሪያዬ

ካቶሊክ መሆኔን ለማስተምርባት ለሽንፋ ከተማ ሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን እዚህ የለም፤ ሰውም እንዳይርቀኝ እየፈራሁ በመቁጠሪያዬ የምጸልየው በሬን ዘግቼ ነበር። አንድ ቀን ከአከራዬ ከእትዬ አለሚቱ ጋር ሐጃ ዘይነብ ሱቅ ሄጄ ሳሙና ልገዛ ቦርሳዬን ስከፍት፣ መቁጠሪያዬ ወደቀ። ሐጃ የእስላም መቁጠሪያ መስሏቸው ብድግ አደረጉትና፣ «ማሻአላህ! አንች መምህርት፣ ሲብሃ ይዘሻል? ሳትነግሪን ሰለምሽ እንዴ?» አሉ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረ። ወዲያው ጫፉ ላይ ያለውን መስቀል አዩና ቀና ብለው ተመለከቱኝ።

የሰው ነው ብል ያልፍ ነበር፤ አፌ ግን እንቢ አለኝ። «የኔ ነው። ካቶሊክ ነኝ። የእመቤታችንን ሰላምታ የምደግምበት ነው» አልኩ፤ ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ሐጃ በተከናነቡት ቶብ ጫፍ አቧራውን ጠርገው፣ «የመርየምን ስም የሚጠራ ሰው ምን ያሳፍረዋል?» ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እትዬ አለሚቱ ግን ወገባቸውን ይዘው፣ «ለካ ስትጸልይ ነው በሯን የምትዘጋው! እኔ እኮ ያኮረፈችኝ መስሎኝ ስንት ቀን አዘንኩ!» አሉ። ተመስገን፣ ዛሬ በሬን ገርበብ አድርጌ እጸልያለሁ። እትዬ ሲያልፉ ብቅ ይሉና፣ «ለኔም አንድ ፍሬ ቁጠሪልኝ» ይሉኛል።