ለአጥኚዎቹም ዱዓ

መካነ ሰላም የእህቴ ልጅ ዘሃራ ቤት፣ በየወሩ እጥፍ ለሚያደርጋት ሕመም በጋራ ዱዓ ልናደርግ ተሰብስበን ወዳጃ ተቀምጠናል። አማቷ «ሥራ ስትጠላ ነው የሚያማት» ሲሉ ታክቶኝ ያነበብኩትን አስረዳሁ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማኅፀን ውጭ ይበቅላል፤ ሥጋን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች በደም ውስጥ መብዛታቸው ምናልባት ይጠቁመው ይሆናል።

ዘሃራ ቀና አለች። «አጎቴ፣ ደሴ ሆስፒታል ብሄድ ይህን የደም ምርመራ ያደርጉልኛል?»

«ገና ነው ልጄ፤ እያጠኑት ነው።»

ዱዓ የሚመሩት ሸህ እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲያው አላህ ለአጥኚዎቹም ይግለጥላቸው!»

«አሚን!» አልን፤ አማቷም ጭምር።

ዘሃራ ግን እጇን ከሆዷ ሳታነሣ «እስኪገለጥላቸው ድረስ እናንተ እንድታምኑኝ ያድርግልኝ» አለች።

ለዚህኛው የእኔ የደከመ አሚን ብቻውን ተሰማ።