የፋሲካው ፈርስ

(ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ቱቦ በግፊት ውሃ የሚጠርግ መኪና ያጓራል፤ ወይዘሮ ይታክቱ ምድር ወለል ላይ ካለችው ቤታቸው በር ቆመዋል፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረውና የሕንፃው ኮሚቴ ጸሐፊ የሆነው ልጃቸው ሙሉሰው ፊታቸው ቆሟል።)

ይታክቱ፦ ለዘበኛው ተነግሮታል። ለግንበኛው ተነግሮታል። መኪና ይዞ ለመጣው ባለ ውሃም ተነግሮታል። ሽንት ቤቷ በሲሚንቶ የሚደፈነው ሴትዮ ብቻ መጨረሻ ትሰማለች! እኔ በዚህ ሕንፃ ሰው ነኝ ወይስ ቧንቧ?

ሙሉሰው፦ እማዬ፣ መጀመሪያ አስገቢኝ። ሰው ያያል።

ይታክቱ፦ ይይ! ሁዳዴን ሙሉ ፍሳሽ ደጄ ላይ ሲንጣለል ያላየ ሰው ዛሬ ዓይኑ ይበራለታል? ግባ። ጫማህን አታውልቅ፤ ወለሉ ገና እርጥብ ነው። አፍንጫህንም ልቀቅ፤ እኔ ይሄን እየተነፈስኩ ነው የማድረው።

ሙሉሰው፦ ለዚያ እኮ ነው መኪናውን ያስመጣነው። ያንን ረጅም ቱቦ ማንሆሉ ውስጥ ሲሰደው ውሃውን እንደ ጥይት ነው የሚተኩሰው። የደረቀውም የተጣበቀውም ተጠርጎ መስመሩ ይከፈታል።

ይታክቱ፦ መስመሩ የሚከፈት ከሆነ የእኔ ለምን ይዘጋል?

ሙሉሰው፦ ለጊዜው ነው።

ይታክቱ፦ ሲሚንቶ ለጊዜው? እኔ ሲሚንቶ የማውቀው መቃብር ላይ ነው። ለጊዜው የተቀበረ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሙሉሰው፦ ኮሚቴው አጥንቶ ነው የወሰነው። ፍሳሹ ሁልጊዜ የሚወጣው ከአንቺ ቤት ነው።

ይታክቱ፦ በእኔ ቤት ነው የሚወጣው! ከእኔ ቤት እና በእኔ ቤት አንድ ነው? ፊደል የቆጠርከው አንተ፣ የ“ከ”ንና የ“በ”ን ልዩነት የማውቀው እኔ?

ሙሉሰው፦ ያው ነው፣ እማዬ።

ይታክቱ፦ ያው አይደለም። “በ” ሲሆን የተደፋብኝ ነኝ፤ “ከ” ሲሆን ደፊዋ ነኝ። ስብሰባው ላይ “ከወይዘሮ ይታክቱ ቤት” ብሎ የጻፈው የማን እጅ ነው?

ሙሉሰው፦ እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የተባለውን እጽፋለሁ። ሰዉ አተላ ትደፋለች ይላል።

ይታክቱ፦ የሚካኤል ማኅበር ተራ ደርሶኝ አንዴ ጠላ ብጠምቅ! አተላውንም ከአጥሩ ጀርባ ያለችው ባለ ላም በባልዲ ወስዳ መርቃኛለች። ካላመናችሁ ላሟን ጠይቋት።

ሙሉሰው፦ ኮሚቴ ላም አይጠይቅም።

ይታክቱ፦ ላሟ ከናንተ ትሻላለች። እሷ የዋጠችውን መልሳ ታኝካለች፤ እናንተ የሰማችሁትን ሳታኝኩ ትውጣላችሁ።

ሙሉሰው፦ ተይ እንግዲህ፣ ለመሳደብ አይደለም የመጣሁት። መፍትሔ ይዤ ነው። ደብረ ብርሃን አክስቴ ጋ ትሄጃለሽ። ደውዬላታለሁ፣ ደስ ብሏታል። እዚህ ነገሩ እስኪረጋጋ።

ይታክቱ፦ ማን ነው የሚረጋጋው? ፍሳሹ ወይስ ሊቀመንበርህ?

ሙሉሰው፦ አቶ ደምስ ለአንቺ አስበው ነው። እሳቸው ናቸው ራሳቸው “እናትህ በዚህ ዕድሜያቸው ለምን ይንገላታሉ” ያሉኝ።

ይታክቱ፦ ሽንት ቤቴን ደፍኖ ለመንገላታቴ አዘነ? በሬ ካራጁ ይውላል አሉ። እና አንተ ምን አልከው?

ሙሉሰው፦ ምን እላለሁ? የሕንፃው ሰው በሙሉ እጁን አውጥቶ...

ይታክቱ፦ የአንተ እጅስ?

ሙሉሰው፦ መኪናው ጮኸ፣ አልሰማሁሽም።

ይታክቱ፦ እጅህ የት ነበር ነው የምልህ!

ሙሉሰው፦ ብቻዬን ብቀር “ለእናቱ አደላ” ይሉኛል፣ እማዬ። ስለዚህ አወጣሁ።

ይታክቱ፦ ሙሉሰው ብዬ ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ግማሹን ትርሲት ወሰደችው፣ ግማሹን ኮሚቴው። ለእኔ ምኑ ተረፈ?

ሙሉሰው፦ ሚስቴን አትንኪያት። አንቺም ስምሽ ይታክቱ ነው፤ ሰው ታክቶታል።

ይታክቱ፦ አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ ሐሜተኛው ለፍልፎ ይታክት ብሎ ነው እንጂ እኔ ልታክት አላለም። ደብረ ብርሃን አልሄድም። ይሄ ቤት የቀበሌ ቤቴ ሲፈርስ በምትኩ የተሰጠኝ ነው። ያኔ ጉድጓዱ የጋራ ነበር። ሲሞላ ሁላችንም እኩል እንሸታለን፣ ሲጠረግም ሁላችንም እኩል አፍንጫችንን እንይዛለን። ፎቅ ምን አመጣ? ላይ ያለው ይለቃል፣ ታች ያለው ይቀበላል፤ አፉን የሚደፍኑት ደግሞ የተቀበለውን ነው።

ሙሉሰው፦ ፍሳሽ ወደ ታች መውረዱ የኮሚቴ ጥፋት አይደለም።

ይታክቱ፦ ወደ ታች መውረዱ አይደለም። የእኔን ከደፈናችሁት ወደ ላይ ነው የሚወጣው። አንደኛ ፎቅ ያሉት ገበታ ላይ እንደተቀመጡ “እንግዳ መጣ” ሲሉ ልሰማ ዕድሜ ይስጠኝ።

ሙሉሰው፦ ይሄው፣ ይሄው! በዚህ ምላስሽ ነው ሰው የማይቆምልሽ።

ይታክቱ፦ ለምላሴ እንዲቆሙ መች ለመንኩ? ለሽንት ቤቴ ይቁሙ። አንተ፣ ና እስቲ ወደ መስኮቱ። ቱቦው ተንቀጠቀጠ። ምንድን ነው የሚያወጣው?

ሙሉሰው፦ ጭቃ ነው።

ይታክቱ፦ ጭቃ አረንጓዴ ነው?

ሙሉሰው፦ አልጌ ይሆናል።

ይታክቱ፦ ምን ጌ? ልጄ፣ አባትህ በግ ሲበልት እግሩን ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ። ይሄ ከበግ ጨጓራ የወጣ ሣር ነው። ፈርስ ነው! እየው፣ እየው፣ ጠጉሩም አብሮ ወጣ። ባለ ውሃው ራሱ ሳቀ። “አተላ” አላችሁኝ? አተላ ጠጉር አብቅሎ ያውቃል?

ሙሉሰው፦ እሺ፣ ፈርስ ይሁን። ቅበላም ፋሲካም ነበር፤ ሰው አርዷል።

ይታክቱ፦ የት ነው ያረደው?

ሙሉሰው፦ ያው በየቤቱ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ። የት ይረድ? ኮሚናሉ ተከራይቷል።

ይታክቱ፦ ለእርድና ለልብስ አጠባ ብለው የሠሩትን የጋራ ቤት ለሶፋ ነጋዴ ያከራየ ማነው?

ሙሉሰው፦ ለሕንፃው ገቢ ተብሎ ነው።

ይታክቱ፦ እሰይ! ሶፋው በእርድ ቤት ተንደላቆ ተኝቷል፣ በጉ በመታጠቢያ ቤት ይታረዳል፣ ፈርሱ በእኔ ቤት ይወጣል፣ ስድቡን ይታክቱ ትጠጣለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ሙሉሰው፦ ሁሉንም በእኛ ላይ አትጫኚ። ፈርስ ብቻውን ይሄን ያህል አይዘጋም። እኛ እንኳ እየበተንን፣ ብዙ ውሃ እየለቀቅንበት ነው...

ይታክቱ፦ እናንተ?

ሙሉሰው፦ ማለቴ፣ ሰው።

ይታክቱ፦ “እኛ እንኳ” ነው ያልከው። ጆሮዬ አልተደፈነም፤ እሱን ገና አልወሰናችሁበትም።

ሙሉሰው፦ ለምሳሌ ነው ያልኩት።

ይታክቱ፦ በምሳሌ በግ አይታረድም። ቅዳሜ እዚህ ደጅ ቆመህ ምን ነበር ያልከኝ? “ትርሲት አሟታል፣ ዘንድሮ እኛ ቤት አይታረድም፣ ሲሻላት እንጠራሻለን” አላልክም?

ሙሉሰው፦ ብያለሁ።

ይታክቱ፦ እኔ ደግሞ በቅቅል እንቁላል ገደፍኩ። ብቻዬን። በልቼም አልተኛሁም፤ ተነሥቼ “እመቤቴ፣ ለዚያች ልጅ ምሕረቷን ላኪላት” ብዬ ቆሜ ጸለይኩ። ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል። ለካ እኔ ለጤንነቷ ስጸልይ እሷ ከላይ ጥብስ ታገላብጣለች!

ሙሉሰው፦ እማዬ፣ በፈጣሪ...

ይታክቱ፦ ማን ማን ነበረ?

ሙሉሰው፦ የትርሲት ቤተሰቦች። ትንሽ ሰው ነው።

ይታክቱ፦ ሌላስ?

ሙሉሰው፦ አቶ ደምስ ጎራ ብለው ነበር።

ይታክቱ፦ እኔን የከሰሰኝ ሰው በበዓል ቀን ከልጄ ሌማት ቆርሶ፣ እኔ የወለድኩህ ከታች ሆኜ የበላችሁትን ፈርስ ስቀበል! ለምን አልጠራኸኝም? ልጠጣ ነው? ልዘፍን ነው? በምን አሳፈርኩህ?

ሙሉሰው፦ ተይው፣ ይቅር።

ይታክቱ፦ አይቀርም። ተናገር።

ሙሉሰው፦ ልብስሽ... ልብስሽ ላይ ሽታው አለ። የእነትርሲት ቤት ሰው ደግሞ... አንቺም ትሳቀቂያለሽ ብዬ ነው። ለአንቺው ብዬ።

ይታክቱ፦ (የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው ያሸታሉ።)

ሙሉሰው፦ እማዬ? አንድ ነገር በይኝ።

ይታክቱ፦ የእናንተ ነው የሸተተኝ።

ሙሉሰው፦ አውቃለሁ።

ይታክቱ፦ አታውቅም! ብታውቅ አፍህ አይታዘዝልህም ነበር። የእኔን ነጠላ በሦስት ውሃ አጥቤ ጸሐይ ላይ ሳሰጣው፣ ከላይ የምትለቁት እንደገና ይመጣል። የራሳችሁን ሽታ እኔ ላይ አሽትታችሁ “ትሸታለች” አላችሁኝ። አንተ ሕፃን ሆነህ ስትሸት እኔ “ልጅ ልጅ ይላል” ነበር የምለው።

ሙሉሰው፦ አጥፍቻለሁ።

ይታክቱ፦ አሁን ደግሞ በሚያዝያ ጸሐይ ደብረ ብርሃን ልትልከኝ፣ ማንም እንዳያሸተኝ። ከዚያ ቤቴንም ለሶፋ ታከራዩት ነበር።

ሙሉሰው፦ እሱ እንኳ አልታሰበም። እሺ፣ ደብረ ብርሃኑ ይቅር። ግንበኛውንም እመልሰዋለሁ፤ ሲሚንቶው አልተቦካም። ይበቃሻል?

ይታክቱ፦ መኪናው ለምን ዝም አለ?

ሙሉሰው፦ ጨርሶ መሰለኝ። ሰዉ ተሰብስቦ ማንሆሉን እያየ ነው።

ይታክቱ፦ ምን ይላሉ?

ሙሉሰው፦ አይሰማም።

ይታክቱ፦ ለእኔ ይሰማል። “አሮጊቷ ደግሞ በጓን ለብቻዋ አርዳ በላች” እያለች ነው ያቺ ባለ ቀይ ሻርፕ። ሳቁ። ፈርሱንም ሰጡኝ፣ አየህ? አተላው ሲጠፋባቸው በጉን አመጡልኝ።

ሙሉሰው፦ ሰው ነው፣ ያወራል። ለአቶ ደምስ ቀስ ብዬ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ያስረዱልሻል።

ይታክቱ፦ ለብቻው ያጎረስከው አነሰ? እኔ አተላ ደፊ የተባልኩት በስብሰባ ነው። በስብሰባ የተበላሸ ስም በጆሮ ሹክሹክታ አይታጠብም።

ሙሉሰው፦ ሲሚንቶው ቀረልሽ፣ ቤትሽ ቤትሽ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ይታክቱ፦ ሽንት ቤቴን መለስክልኝ። ስሜን አልመለስክልኝም። እኔ ከዚህ በር ወጥቼ ዳቦ ቤት ስሄድ የሚወጋኝ ሽታው አይደለም፣ ዓይናቸው ነው።

ሙሉሰው፦ እንዴት አድርጌ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት... ነገ ማን ያከብረኛል? ጸሐፊነቱ እንኳ ቢቀር ትርሲት ምን ትለኛለች?

ይታክቱ፦ እኔን ማን አከበረኝ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?

ሙሉሰው፦ ይስቁብኛል፣ እማዬ።

ይታክቱ፦ ይሳቁብሃ። ሁዳዴን ሙሉ ሲስቁብኝ አልሞትኩም።

ሙሉሰው፦ ምን ልበላቸው?

ይታክቱ፦ እናቴን በደልኳት አትበል፤ እሱ የቤታችን ነገር ነው፣ ገና ዓመት እንነጋገርበታለን። ትርሲትንም አታንሣ፤ ሚስትህ ናት። አቶ ደምስን አትሳደብ፤ ለእሱ እኔ አለሁለት። “ይሄ ፈርስ የእኔ ነው” በል፣ ሌላ ምንም አትጨምር። ኮሌታህን አስተካክል፣ ቀና በልና ውጣ፤ አራተኛ ፎቅ ያሉት መስኮት ከፍተው እስኪያዩህ ድረስ ጮክ ብለህ በልልኝ።