ወድቆ ላልሞተ ሰው

ሰው ከጣራ ላይ ወድቆ ነፍሱ ብትተርፍ፣ ከዚያ በኋላ የማን ነው? ወይዘሮ ልክነሽ ይህን ጥያቄ ከፋሲካ ወዲህ በሆዳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ለንስሐ አባታቸው እንዳያነሡት ኃጢአት መሰላቸው፣ ለጎረቤት እንዳያዋዩት ሟርት መሰላቸው። የማንን ነገር ሲያስቡ እንደሚመጣባቸው ግን ልባቸው ያውቀዋል። በእጃቸው ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው ካሱ አናጢ ነው፤ ቤት ያዋቅራል፣ ቆርቆሮ ይመታል። ከሁሉም ከፍ ያለው ማገር ላይ ቆሞም ያፏጫል። እሳቸውን ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው ደግሞ ይኸው ማፏጨቱ ነው። እጅ ለመዶሻ ከሆነ አፍ ለጸሎት ቢሆን ምናለበት?

ያን ዕለት ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ገበያ የወረዱት ስንቅ ሊገዙለት ነበር። ካሱ የገበሬ ማኅበር መጋዘን ጣራ ሊሠራ በኮንትራት ተዋውሎ፣ በማግሥቱ ወደ ካምባ ይሄዳል። ከጫኖ መንደር ከመጡ ሙዝ ሻጮች ጋር ሲከራከሩ አንዲት እጅ ዘንቢላቸውን ከኋላ ተቀበለቻቸው። ዞር ሲሉ የጎረቤታቸው የአቶ ማቴዎስ ልጅ አስቴር ናት። አስቴር አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ እዚያው ሲቀላ በመድን መሥሪያ ቤት የምትሠራ ልጅ ነች። የሁለቱ ቤት ጸሎት ለየብቻ ቢሆንም ለቅሶው አንድ ነው፤ እድራቸው አንድ ነውና። ለምሳ ወደ ቤቷ ስለምትወጣ ወደ ሰፈራቸው ወደ ሸቻ የሚያወጣውን ዳገት አብረው ተያያዙት።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ አስቴር ካሱ ቢሮዋ መጥቶ እንደነበር ነገረቻቸው።

«ምን አጥፍቶ?» አሉ ወይዘሮ ልክነሽ፣ ደንግጠው።

«ኧረ ምንም፣ እማማ። ስለ አደጋ መድን ሊጠይቅ ነው የመጣው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን በዝግታ አስረዳቻቸው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ላይ ቢጎዳ የሚያሳክመው አለው። አናጢው፣ ጉድጓድ ቆፋሪውና እንጨት ሰንጣቂው ግን ለራሳቸው አዳሪ ናቸው፤ አሠሪያቸውም አስታማሚያቸውም ያው ራሳቸው ናቸው። እነሱም ደኅና ሳሉ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ፣ ከብዙዎቹ መዋጮ ለተጎዳው ይደርሳል። ካሱ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ወዶት ሳለ፣ እማዬ ሟርት ነው ካለችኝ አልገባም ብሎ ወጣ።

«ደግ አደረገ፤» አሉ ወይዘሮ ልክነሽ። «መድንማ መድኃኔዓለም ነው። መድን ከሰማይ ይመጣል እንጂ ከሲቀላ ይመጣል?»

«እሱስ እውነት ነው። ግን እማማ፣ ካሱ ቢወድቅ...»

«ጠላቱ ይውደቅ። አፍሽን ያዢ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

አስቴር ጥቂት አሰበችና፣ «እሺ፣ የካሱ ጠላት ከካምባው መጋዘን ጣራ ወደቀ እንበል፤» አለች።

«ይውደቅ።»

«እግሩ ተሰበረ።»

«የእጁን ነው ያገኘ።»

«ሐኪም ቤት ሲተኛ የሕክምናውን የኛ መሥሪያ ቤት ይከፍልለታል። እስኪድን ድረስ ቀለብ የሚሆነው ይሰጠዋል። መሥራት ካቃተው ደግሞ መቋቋሚያ ያገኛል።»

ወይዘሮ ልክነሽ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ለጠላቱ? ልጄ ከጉሮሮው ነጥቆ በከፈለው ጠላቱ ሊታከምበት?»

አስቴር ዘንቢሉን አስቀምጣ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወይዘሮ ልክነሽም ተቀየሙ፣ ቀጥሎም የገዛ ነገራቸው ገብቷቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መቼም ክፉ ነገር የሚፈራ ሰው ስሙን ባይጠራው የሚቀርለት ይመስለዋል። ክፉ ነገር ግን ስሙን ስለጠሩት አይመጣም፣ ስላልጠሩትም አይቀርም።

ቤት ሲደርሱ ካሱ መጋዙን ይሞርዳል። ደበሌ ሊሰናበተው መጥቶ በሩ ላይ፣ መቃኑን ተደግፎ ተቀምጧል። ካሱን ሙያ ያስተማረው ይህ ደበሌ ነው። ባለፈው ክረምት ከጣራ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ አንዱ እግሩ አይታጠፍም፤ ዘርግቶት ነው የሚቀመጠው። ቤቱን የምታስተዳድረው ሚስቱ ሻሺቱ ናት፣ እንጨት እየለቀመች እየሸጠች።

አስቴር ተቀመጪ ብትባል እምቢ ብላ በቆመችበት ነገሯን ቀጠለች።

«እማማ፣ የእድር መዋጮ አቋርጠው ያውቃሉ?»

«እኔ? ጠላቴ ያቋርጥ።»

«ለምን ይሆን የሚከፍሉት?»

«ለቀብሬ ነዋ።»

«ታዲያ በቁም ሳሉ ለሞት መክፈል ሟርት ካልሆነ፣ ለስብራት መክፈል እንዴት ሟርት ይሆናል?»

ወይዘሮ ልክነሽ መሠረተ ትምህርት የተማሩ፣ ነገርም የማያልፋቸው ሴት ናቸው። «ሞት ለማንም አይቀርም፣ ልጄ። ያኛው ግን ሊቀር ይችላል። ሊቀር የሚችለውን ለምን እጠራዋለሁ?» አሏት።

ያን ጊዜ ደበሌ ከበሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እማማ፣ የኔ ጥፋት አለመሞቴ ነው።»

ካሱ መሞረዱን አቆመ።

«ብሞት እድሩ ድንኳን ይተክል ነበር። ሻሺቱም ሳታበስል ትበላ ነበር። ስላልሞትኩ ሁሉም መጥቶ ይማርህ አለኝ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ አልቀየምኩም፤ እኔም ለሌላው ከይማርህ በቀር ያደረግሁት የለም። ክረምቱ ሲረዝም ግን ሰው ወደየእርሻው ሄደ። መጋዜን ሸጥን፣ መዶሻዬን ሸጥን። አሁን ሻሺቱ እንጀራ ስታቀርብልኝ ፊቷን አላይም። እጇን ብቻ ነው የማየው።»

ወይዘሮ ልክነሽ ከፋሲካ ጀምሮ ይዘውት የዞሩት ጥያቄ መልስ ነበረው ለካ። ወድቆ ያልሞተ ሰው የሻሺቱ ነው። ካሱ ደግሞ ሻሺቱ የለውም። ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እንኳን እንጨት ሊሸከሙ፣ የሙዝ ዘንቢል ይዘው ዳገት መውጣት አቅቷቸው ዛሬ የሰው ልጅ ተቀብላቸዋለች።

ወደ ልጅቱ ዞረው፣ «አስቴር፤» አሉ። «ልጄ ካሱ ቢወድቅ...»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ደነገጡ። ግን አልመለሱትም።

«ቢወድቅና ባይሞት፣ እኔም ያን ጊዜ ባልኖር፣ ይደርሱለታል?»

«ይደርሱለታል፣ እማማ። ከመውደቅ ግን አያድኑትም፤ አልዋሽዎትም። ማገሩን ረግጦ መፈተሽ የሱ ፋንታ ነው።»

«እንግዲያ ከመውደቁ መድኃኔዓለም ይጠብቀው። ቢወድቅ ደግሞ እናንተ ጠብቁት።»

እንዲህ ነው የሚሻለው። የተጎዳ ሰው ስብራቱ ሳይቆይ ከሐኪም ይደርሳል። የሙያ ዕቃውን ሳይሸጥ ይሰነብታል፣ ሲድንም በዚያው ዕቃ ይሠራል። ባይድን እንኳ ከሚስቱ እጅ ሲጎርስ ቀና ብሎ ያያታል። ጎረቤትም ጠያቂ ሆኖ ይመጣል እንጂ፣ ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ ብሎ አይሸሽም። ይህን ለጫኖ ጉድጓድ ቆፋሪዎችም፣ ለእንጨት ሰንጣቂዎቹም የሚነግር ቢገኝ ደግ ነበር። ለሞት የተባበረ አገር ለስብራት መተባበር ለምን ያቅተዋል?

ካሱ ሞረዱን አስቀምጦ አያቱን ያያል። ያ ሁሉ ፉጨት የት እንደሄደ እንጃ።

«ፊት ፊቴን ምን ታየኛለህ?» አሉት። «ነገ ገና ሳይነጋ መኪና ላይ ነህ። ከልጅቱ ጋር ውረድና ዛሬውኑ ጨርስ።»

ካሱ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። በሩ ላይ ሲደርስ ደበሌ መንገድ ሊለቅለት ደኅናውን እግሩን ሰበሰበ፤ ያኛው አልታዘዝ አለው። ካሱ ጎንበስ አለና የመምህሩን እግር በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አንሥቶ በዝግታ ወደ ጎን አኖረለት። ከዚያም አስቴርን ተከትሎ ወጣ።