ቀላድ የመሰለው ገመድ

በእኛ ጊዜ መርዶ ማለዳ ነበር የሚነገር። ታዲያ አብዮቱ በፈነዳ ዓመት ጎረቤቶቼ ገና በጠዋቱ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በሬን ሲያንኳኩ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅሁት። ባለቤቴን፣ መምህር አየለን፣ ወረኢሉ ለተራቡት እህል ሊያድል በሄደበት ተስቦ ወሰደው። እና ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? የገመዱ ቀን!

ያኔ እዚሁ መካነ ሰላም ሰባተኛ ክፍል ጂኦሜትሪ ያስተምር ነበር። ኮምፓስ የለ፣ ምን የለ፤ ታዲያ ገመድና ችካል አስይዞ ልጆቹን ሜዳ አወጣቸው። እኔም ምሳውን ይዤ ደርሻለሁ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። አንዷ ተማሪ ለቀልድ "ቀላዱን ወጥሩት!" ብላ ጮኸች። ቀላድ እኮ ልጆቼ፣ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው፤ ቀላድ የተጣለበት መሬት ግብሩ ይከብዳል፣ አንዳንዴም ጌታው ይለወጣል።

እርሻቸው ከሜዳው የሚዋሰን አባ ይመር ሰምተው ኖሯል፤ ሽመላቸውን ይዘው መጡና ገመዱን ረገጡት።

"በሬዎቼን ረሀቡ በላ፤ መሬቴን ደግሞ አንተ ልትበላ?"

"ኧረ አባቴ፣ ትምህርት ነው።"

"ወላሂ፣ የፊተኛውም ለኪ 'ምዝገባ ነው' ነበር ያለን!"

አየለ ግን አልተከራከረም። ገመዱን ሰበሰበና በሁለት እጁ ሰጣቸው።

"ገመዱ እርስዎ ጋ ይሁን። ጎጆ ሲቀልሱ ክቡን እንዴት ነው የሚያወጡት?"

"ምን ይጠይቀኛል ይሄ! መሀል ችካል እተክላለሁ፣ ገመድ አስሬ እዞራለሁ።"

"እስቲ ያሳዩን።"

እያጉረመረሙ ጀመሩ። ግማሽ ሳይዞሩ ግን ያችኑ ቀልደኛ ልጅ ይቆጧት ጀመር፦ "አንቺ፣ ወጥሪው እንጂ! ገመዱ ከላላ ቤቱ እንቁላል ይሆናል!"

"ይኸውላችሁ" አለ እሱ፣ "ከመሀሉ እስከ ዳሩ በየትም በኩል ርቀቱ እኩል ነው። ራዲየስ የምንለው ይህንን ነው። ዛሬ ያስተማሯችሁ አባ ይመር ናቸው።"

ሽማግሌው ክቡን አዩ፣ እሱን አዩ፣ መልሰው ክቡን አዩ።

"አንተ፣ ይሄ ክብ ግብር አለበት?"

"የለበትም አባቴ።"

"እንግዲያስ ሰፋ አርገን አንድ እንድገም!"

ያን ቀን ምሳው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። እና ልጆቼ፣ የፈራን ሰው "ተሳስተሃል" አይሉትም፤ የሚያውቀውን ይጠይቁታል። የኔ ባል እንዲያ ያለ ሰው ነበር። ክርስቲያኖቹ "ነፍስ ይማር" በሉልኝ፤ እስላሞቹም በዱዓችሁ አትርሱብኝ።